ስም ከመጥራት በፊት

ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሲቋረጥ ከምርመራ ቀድሞ የሚመጣው ስም ነው። አንዱ «ቴሌ ዘግቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጎረቤት ፓስወርዱን አግኝቶ እየተጠቀመበት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ትናንት ማታ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ያመሸውን ልጅ ይጠራል። ሦስቱም ግምቶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ሦስቱም የተነገሩት ማንም ምንም ሳያይ ነው። የተበጠሰ ገመድ ወይም የተሰበረ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ዓይን መጀመሪያ ወደ ዕቃው ይሄድ ነበር። የማይታይ ነገር ሲበላሽ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣና ወደ ሰው ይዞራል። ነገሩ ተራ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ለብዙ ዘመን ሲመላለሱበት የኖሩት ነው፦ መንስኤውን ሳናውቅ አንድን ሰው ጥፋተኛ ነው ብለን ለማመን መብት አለን ወይ? የዚህ ጽሑፍ መልስ «የለንም» የሚል ነው። መንስኤን በቅደም ተከተል መፈለግ የባለሙያ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ለባልንጀራ የምንከፍለው ዕዳም ነው። ይህን ለማስረዳት በአዲስ አበባ ከቀጨኔ የተሻለ ቦታ አይገኝም። መንስኤው ያልታወቀ ጉዳት በሰው ስም ሲዘጋ ምን እንደሚያስከትል ይህ ሰፈር በትውልድ ዕድሜ ያውቀዋልና።

አስቀድመን ዕቃውን እንየው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን በየቤቱ ያሉት ራውተሮች በአብዛኛው በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ያሰራጫሉ። የ2.4ቱ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የ5ቱ ከዚያ በግማሽ ያጠረ ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። እንጦጦ ሥር በሚገኙ እንደ ቀጨኔ ባሉ ነባር ሰፈሮች፣ ቤት ከቤት ተጣብቆ በተሠራበት፣ ሞገዱ የሚገጥመው ብዙ ነው። ቆርቆሮ መልሶ ያነጥረዋል፤ ጭቃ ያዳክመዋል፤ ውሃ ሞገድን ስለሚውጥ በክረምት የራሰ ግድግዳ ይብስበታል። በ2.4ቱ ላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይጋጩት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ግቢ ዙሪያ አሥር ራውተር ቢኖር አሥሩም በእነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ ይጋፋሉ። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይሰርቅ፣ ማንም በማንም ላይ ክፉ ሳያስብ የሁሉም ኢንተርኔት ሊንቀራፈፍ ይችላል። ጎረቤት ለዝግታው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያት መሆን ግን ጥፋተኛ መሆን አይደለም። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ወደፊት እንደምናየው ግን ብዙ ሰው የተጎዳው እሱ ሲጠፋ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት የሚደርሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በእርከን ነው። በመጀመሪያ የራሱ ዋይፋይ መከፈት አለበት፤ በብዙ ላፕቶፖች ኤርፕሌን ሞድ በአንድ ቁልፍ ስለሚበራ ሳይታወቅ ተነክቶ ሊዘጋው ይችላል። ቀጥሎ የራውተሩን ስም ማግኘት፣ በፓስወርድ መግባት፣ ከዚያም ከራውተሩ የአይፒ አድራሻ መቀበል አለበት። ከዚህ በኋላ ነው ራውተሩ ወደ ውጭ የሚያሻግረው። እያንዳንዱ እርከን ሲሰናከል የራሱን ምልክት ይተዋል። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካየ፣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላጣ ለራሱ አንድ ፈጥሯል ማለት ነው፤ ችግሩ ገና ከቤት አልወጣም። አድራሻው ትክክል ሆኖ ራውተሩ መልስ ከሰጠ፣ ውጭው ግን ዝም ካለ፣ ጥፋቱ ከራውተሩ ወዲያ ነው። በፋይበር ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ ተቋርጧል፤ ያኔ 994 መደወል ተገቢ ነው። እዚህ ላይ «ቴሌ» የሚለው ስም ሲጠራ ማስረጃ ይዞ ይጠራል።

አንዱን ችግር ጠጋ ብለን እንየው። ላፕቶፑ ዋይፋዩን ይዟል፤ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ነው፤ ግን ኢሜይሉም ባንኩም አይከፈትም፤ እያንዳንዱ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ቤተሰቡ ወዲያው ኮምፒውተሩ ተጠልፏል ይላል፤ ማን እንደጠለፈውም ይገመታል። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ያየ ሰው ግን መልሱን ያገኛል። አንድ ሰው ሰዓቱ የተዛባ መስሎት ዓመቱን በኛ አቆጣጠር አስተካክሎታል፤ ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጁ አቆጣጠር ስለሚቆጥር ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። ኮምፒውተሩ ባለበት ዓመት ወረቀቱ ገና አልጸናም፤ ስለዚህ አይቀበለውም። ጠላፊ የለም፤ ክፋት የለም፤ ቀኑን ያስተካከለው ሰው እንኳ ያሰበው በጎ ነው። ምርመራ እዚህ ያደረገው ኮምፒውተሩን መጠገን ብቻ አይደለም፤ ስሙ ሊነሳ የነበረን አንድ ሰው ከሐሜት አድኗል።

እንግዲህ የዚህን ሥራ ሥርዓት ነጥለን ብናወጣው አራት ነገሮችን እናገኛለን። የመጀመሪያው ከራስ መጀመር ነው፦ ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት የራስን ቁልፍ፣ የራስን ገመድ፣ የራስን ቀን ማየት። ሁለተኛው ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው፦ በዚያው ዋይፋይ ስልክ ይሠራል ወይ? ስልኩ ከሠራ ራውተሩና መስመሩ ነጻ ናቸው፤ ተጠርጣሪው ላፕቶፑ ነው። ሦስተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ፓስወርዱንም ድራይቨሩንም ራውተሩንም በአንድ ምሽት የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደረዳው አያውቅም። አራተኛው ማስረጃው የሚለውን መቀበል ነው፤ አስቀድመን የጠላነውን ሰው ነጻ ቢያወጣውም እንኳ። አራቱም የቴክኒክ ምክር ይመስላሉ። በተመሳሳይ ጊዜ ግን አራት የፍትሕ ሕጎች ናቸው፤ ማንኛውም ቅን ዳኛ ያውቃቸዋል።

አሁን ወደ ቀጨኔ እንመለስ። ቀጨኔ ለብዙ ዘመን የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የብረት ሠሪዎች ሰፈር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቡና የሚያፈላበት ጀበና፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ እንጀራ የሚጋግርበት ምጣድ ከዚህ ሰፈር ሴቶች እጅ ሲወጣ ኖሯል። ግን ጀበናውን የገዛ ሰው ጀበናውን ከሠራችው ሴት ጋር እንጀራ ለመቁረስ ይፈራ ነበር፤ ልጁን ለልጇ ለመዳር ጨርሶ አያስብም ነበር። ምክንያቱ ሠሪዎቹ «ቡዳ» ናቸው የሚለው እምነት ነው፦ ዓይናቸው ሰውን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚል። ሕፃን በድንገት ሲታመም፣ የላም ወተት ሲነጥፍ፣ ጎበዝ ልጅ በአንድ ሳምንት ሲከሳ፣ መንስኤው ስለማይታይ ስም ይፈለግለት ነበር፤ ስሙም ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ሩቅ አልነበረም። በዘመናችን ትምህርትና ሕግ ይህን ቢያዳክሙትም፣ ሐሜቱን ሰምተው ያደጉ፣ የተወለዱበትን ሰፈር መናገር የሚያሳቅቃቸው ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ።

የቡዳ ክስ በምን ማስረጃ ይቆም እንደነበር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ በክፋት ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰብ ሥርዓትም ውስጥ ነው። ለታመመው ሰው ጭስ ይታጠንለታል፤ በጭንቅ ውስጥ ሆኖ ይለፈልፋል፤ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስም ይጠራል። ብዙ ጊዜም ይሻለዋል። መሻሉ ደግሞ ለተጠራው ስም እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ዋይፋይ ሲቋረጥ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይህንኑ ስሕተት በትንሹ ያሳየናል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ራውተሩ የተጨናነቀ ማኅደረ ትውስታውን ያራግፋል፣ አድራሻ እንደገና ያድላል፣ አንዳንዴም ያልተጨናነቀ መስመር ይመርጣል። ግን መሥራቱ ምን ተበላሽቶ እንደነበር አይነግረንም፤ ጎረቤት ሰርቆን ነበር የሚለውን ግምት ደግሞ ፈጽሞ አያረጋግጥም። መዳን ምርመራን አይተካም። ትኩሳት በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ ሕፃን በራሱ አቅም ያገግማል፤ የተጠራው ስም ግን እንደተጠራ ይቀራል። በሽተኛው በሳምንት ይነሣል፣ የተከሰሰችው ሴት ልጆች ለሃምሳ ዓመት ይከሰሳሉ።

ይህ የቡዳ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሌባን ለማውጣት ይሠራበት የነበረው ሌባሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ በየመንደሩ እየሮጠ የገባበት ወይም የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበት ሥርዓት ነበር። ልጁ ምን አየ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተከሰሰው ሰው የት ነበርክ ተብሎ አይመረመርም። ለመረጋጋት የሚቸኩል ማኅበረሰብ እውነትን ሳይሆን መደምደሚያን ይመርጣል፤ መደምደሚያ ደግሞ ስም ነው።

ለመመርመር የታገሡ ሰዎች ግን ስለ ቀጨኔ ሌላ መንስኤ ያገኛሉ። የእጅ ሙያ በአንዳንድ ወገኖች ላይ ለምን ተለይቶ ወደቀ ብለው የጠየቁ የታሪክ ጸሐፊዎች መልሱን ከዓይን ሳይሆን ከመሬት አግኝተውታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አወጁ ተብሎ በታሪክ ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው የሚያርሰው የለውም፤ የማያርስ ሰው ጭቃ ያቦካል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሸምናል። ድህነቱና መገለሉ ከሙያው ጋር ተያይዞ ወረደ፤ ከዚያ ቀድሞ የመጣው ተረስቶ ኋላ የመጣው መንስኤ ተባለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን እንደመጣም አስታውሰዋል። አዋጁ ታላቅ ነበር፤ ግን ስድቡን ብቻውን አላጠፋውም። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻላል፤ ያልታወቀን ጉዳት በሰው ስም የመዝጋት ልማድ ግን በአዋጅ አይነቀልም። እሱ የሚነቀለው ሌላ ልማድ ሲተከልበት ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ያ ሌላ ልማድ የተገኘው በተከሰሱት እጅ መሆኑ ነው። ሸክላ ሠሪ ዕቃዋ ሲሰነጠቅ ማን አየብኝ ብላ ብትቀመጥ ሥራዋ በአንድ ወር ይቆማል። ስለዚህ መንስኤ ትፈልጋለች። ጭቃው በደንብ ታሽቷል ወይ? በበቂ ደርቋል ወይ? እርጥበት የቀረበት ዕቃ እሳት ሲነካው በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋልና። እሳቱ ቀስ ብሎ ነው ወይስ በድንገት የጋመው? የተቃጠለውን ማሰሮ አንስታ በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት። ይህ የማይታይን ነገር በምልክቱ መመርመር ነው፤ የኮምፒውተር ጠጋኙም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። የማይታይ ኃይል አላት ተብላ የተፈራችው ሴት በማይታይ ነገር ላይ በማስረጃ የምትፈርድ ሴት ነበረች፤ የፈሯት ሰዎች ግን ስለ እሷ ሲፈርዱ ያንኑ ትዕግሥት ነፈጓት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። አማኝ ሰው «መንፈሳዊው ዓለም የለም ልትለኝ ነው ወይ? ሁሉ ነገር በገመድና በሞገድ አይገለጽም» ይላል። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ ግን ጥያቄውን ይስታል። በማይታየው ማመን አንድ ነገር ነው፤ የሚታየውን ጎረቤት በማይታየው ስም መክሰስ ሌላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በዚህ ላይ ከከሳሾች ጋር አልቆመም። በመጽሐፈ ኢዮብ የኢዮብ ወዳጆች መከራን አይተው በደል አለ ብለው ደመደሙ፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ ጌታ የእሱንም የወላጆቹንም ስም ነጻ አወጣ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌሎች የባሱ በደለኞች አለመሆናቸውን ተናገረ። ዘዳግም ምዕራፍ 19 በአንድ ምስክር ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ያዛል። ደራሲነቱ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታም ልቡና ለሰው የተሰጠው እንዲመረምርበት ነው ይላል። ስለዚህ ምርመራ የእምነት ተቀናቃኝ አይደለም፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በተግባር ሲውል ምርመራ ይሆናል። ጠበል መጠመቅም መጸለይም ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከጸሎቱ ጋር የሰው ስም ሲጣበቅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ንጽጽሩ ተመጣጣኝ አይደለም የሚል ነው፤ የተቋረጠ ዋይፋይና የተገለለ ሕዝብ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም ይባላል። በክብደት አይቀመጡም። ግን የልቡና እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ ልማድ ደግሞ የሚሠራው በትንሽ ነገር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብንሳሳት የምንከፍለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለመማር የተመቸ ቦታ ነው። ልጅ «ቆይ፣ በስልክስ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅን እዚያ ከተማረ፣ ነገ ስለ ሰው ሲነገረው «ቆይ፣ ሌላ ምስክር አለ ወይ?» ለማለት አይቸገርም። ትንሿን ያልተለማመደ ሰው ትልቋን በድንገት አያገኛትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ እውነተኛ ጥፋተኛ አንዳንዴ አለ የሚል ነው። አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ ይህ የራውተር ጉዳይ አልነበረም። ጎረቤትም ፓስወርድ ሊጠቀም ይችላል። ግን ይህን የምናውቀው በምርመራ ነው፦ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ማየት ይቻላል፤ ከቤት ውጭ ያለው ሁሉ መዘጋቱን ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ መስመር መጠየቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ መቋረጥ «ተዘጋብን» የሚል ሰው እውነተኛው መዘጋት ሲመጣ የሚያምነው ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ኮሮናን ያመጣው አምስተኛው ትውልድ ሞባይል ነው ብለው ብዙ ማማዎችን ያቃጠሉ ሰዎች ስለ ቴሌኮም ኩባንያዎች ሊጠየቅ የሚገባውን እውነተኛ ጥያቄ ሁሉ አብረው አቃጠሉት። ኃይለኛን ተጠያቂ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከማንም በላይ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ የሚቀረው ተቃውሞ የድካም ነው፦ ለዚህ ሁሉ ጊዜና ዕውቀት ያለው ማን ነው? እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው አይፒ አድራሻ አይፈትሽም፤ ሁሉም እናት የልጇን ሕመም መንስኤ አታውቅም። ግን ፍትሕ ሁልጊዜ መልስ እንዲኖረን አይጠይቅም፤ መልስ ሳይኖረን ስም እንዳንጠራ ብቻ ይጠይቃል። «አላውቅም» ማለት ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ደሀም ሀብታምም እኩል ይችለዋል። አላውቅም ያለ ሰው በሩን ክፍት ይተዋል፤ ነገ ባለሙያ ሊገባበት ይችላል፣ ሐኪም ሊገባበት ይችላል። ስም የጠራ ሰው ግን በሩን ዘግቶታል፤ ጥፋተኛው ከተገኘ ማን ይመረምራል? ወላጆች ለልጆቻቸው፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ካህናት ለምእመኖቻቸው ይህን አንድ ነገር ቢያስተምሩ ቀጨኔ የከፈለችውን ዋጋ ዳግመኛ ሌላ ሰፈር አይከፍለውም፦ መንስኤውን ካገኘህ ተናገር፤ ካላገኘህ ፈልግ፤ መፈለግ ካቃተህ ደግሞ ዝም በል፤ የባልንጀራህን ስም ግን ባለማወቅህ ምትክ አታስቀምጥ።